ኤተርና ኢትዮጵያ

(በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባደረጉት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት የዓመት ቁጥሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)



ዛሬ በፊታችሁ ቀርበን የምንናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ኤተር» የሚባለው የሳይንስ ቃል ነው። የአገራችን ችግር ቁጥር ሥፍር በሌለው ጊዜ ስለ አንድ የፈረንጅ ቃል መነጋገር ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ አይደለምን? የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሳያድር አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከሁሉ አስቀድመን ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። መልሱን ግን ከነገሩ መጨረሻ እንጂ ከመጀመሪያው ልንሰጥ አንችልምና ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

ነገሩ የተነሣው እንደሚከተለው ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እኅት፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ልጅ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አኩርፋ ትመለሳለች። ምን ሆነሻል ቢሏት፣ «የአገራችሁ ስም ትርጉሙ ፊቱ የተቃጠለ ማለት ነው ተባልኩ፤ እውነት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። በቤቱ የነበሩት ሁለት ወገን ሆኑ። አንደኛው ወገን፣ «ውሸት ነው፤ ፈረንጅ እኛን ለመስደብ የፈጠረው ነው፤ ኢትዮጵያ ማለት ከኢትዮጲስ የመጣ ስም ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «እውነት ነው፤ ስማችን ስድብ ነው፤ ምን ይደረግ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ልጅቱም ከሁለቱ ወገን አንዱም ሳያረካት ወደ መኝታዋ ሄደች።

ይህን በሰማን ጊዜ አንድ ነገር አሳፈረን። ከእኛ መካከል ኬሚስትሪ የሚያጠኑ አሉ፤ ምህንድስና የሚያጠኑ አሉ፤ ሕክምና የሚያጠኑም አሉ። ኤተርን፣ ኤቴንን፣ ኤቲሊንን፣ ኤታኖልን በየቀኑ እንጽፋለን። ኤተርኔት የሚባለውን መስመር በየቀኑ እንሰካለን። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ሁሉ ልጅቱ ከጠየቀችው ቃል ጋር የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ከእኛ አንዳችን እንኳ አላወቅንም ነበር። ስለዚህ መጻሕፍት መግለጥ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

፩ኛ፤ የቃሉ ሥር

በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ «አይቶ» የሚል ግሥ ነበረ፤ ትርጉሙም «አነዳለሁ፣ አቃጥላለሁ» ማለት ነው። እኛ ከ«ቃጠለ» ተነሥተን ቃጠሎ፣ ማቃጠያ፣ ተቃጣይ እያልን እንደምናረባ ሁሉ፣ ግሪኮችም ከዚህ ሥር ብዙ ቃላት አርብተዋል። ከእነርሱም አንዱ «አይቴር» ነው፤ ይኸውም ከደመና በላይ ያለውን፣ ፀሐይና ከዋክብት የሚያበሩበትን፣ ጥርት ብሎ የሚንቦገቦገውን የላይኛውን ሰማይ የሚያመለክት ነው። ሌላው ደግሞ «አይቲዮፕስ» ነው፤ ይህም «አይቶ» የተባለው ግሥ «ኦፕስ» ከሚባለው፣ ፊት ማለት ከሆነው ቃል ጋር ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ከ«አይቲዮፕስ» የአገሩ ስም «አይቲዮፒያ» ወጣ።

እንግዲህ ኤተር ከኢትዮጵያ ተወለደ ማለት አይደለም፤ ኢትዮጵያም ከኤተር አልተወለደችም። ሁለቱ ከአንድ እሳት የተለኮሱ ሁለት ችቦዎች ናቸው።

ሥሩ ከግሪክም በፊት የኖረ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሕንድን፣ ፋርስንና አውሮፓን በአንድ የሚያዛምደውን የጥንት ቋንቋ ሲመረምሩ ይህንኑ ሥር በብዙ ስፍራ አግኝተውታል። በላቲን «አይስታስ» ማለት በጋ፣ የሙቀት ወራት ማለት ነው። «አይዴስ» የሚለው ደግሞ በመጀመሪያ ምድጃ፣ በኋላም ምድጃው ያለበት ቤት፣ ከዚያም ቤተ መቅደስ ማለት ሆነ፤ እንግሊዞች ትልቅ ሕንፃን «ኤዲፊስ» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። በአየርላንድ ቋንቋ «አይድ» እሳት ነው። በሳንስክሪትም ለመለኮስና ለማገዶ የሚነገሩት ቃላት ከዚሁ ሥር ናቸው።

የቃሉ ሁለተኛ እኩሌታ የሆነው «ኦፕስ» ደግሞ ከማየት ሥር የመጣ ነው፤ ፊት ማለት የሚታየው፣ የሚያየውም ነውና። ስለ ብርሃን የሚያጠናው «ኦፕቲክስ»፣ አስከሬን መርምሮ በዓይን ማረጋገጥ ማለት የሆነው «አውቶፕሲ»፣ ሩቅ አለማየት ማለት የሆነው «ማዮፒያ» ሁሉ የዚህ ቤተ ዘመዶች ናቸው። ማዮፒያና ኢትዮፒያ ቤት የሚመቱት በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው። ከሩቅ የማያዩ መሪዎች በገጠሙን ጊዜ ይህን ዝምድና ማስታወስ ሳይጠቅም አይቀርም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። ይህን የ«አይቲዮፕስ» ፍቺ የሚጠራጠሩ ሊቃውንትም አሉ። ቃሉ ግሪኮች ወደ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ከነበረ ሕዝብ የተወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ግሪኮቹም ድምፁን ከራሳቸው ቃላት ጋር አመሳስለው ተረጎሙት ይላሉ። ቃሉ እጅግ የቆየ ለመሆኑ ግን ማስረጃ አለ። በግሪክ አገር ፒሎስ በተባለው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ የተጻፉት የሸክላ ጽላቶች ይህን ቃል የአንድ ባለ መሬት ሰው መጠሪያ አድርገው ይዘውታል።

፪ኛ፤ ስድብ ነውን?

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። ፊቱ የተቃጠለ ማለት ስድብ ነውን?

የአንድን ቃል ክብር ወይም ውርደት ለማወቅ ሥሩን መቆፈር ብቻ አይበቃም፤ የተናገሩት ሰዎች እንዴት እንደ ተናገሩት ማየት ያስፈልጋል። በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነቀፋ የሌለባቸው ሕዝብ ተብለው ይጠራሉ። አማልክቱም ድግስ ሲያምራቸው ወደ እነርሱ ይሄዳሉ። በሆሜር ዘንድ «አይቶፕስ» የሚለው የቅርብ ዘመድ ቃል ለወይን ጠጅና ለነሐስ ጭምር የሚሰጥ ቅጽል ነው፤ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ እሳት የሚያበራ እንደ ማለት ነው። በአምስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ሄሮዶቱስም ኢትዮጵያውያንን ከሰው ሁሉ ቁመታሞችና መልከ መልካሞች ናቸው ይባላል ሲል ጽፏል። እንግዲህ ቃሉ በልደቱ ስድብ አልነበረም። ፀሐይ በቅርብ የምታያቸው ሰዎች ማለት ነበረ። በ1980 በጋ እዚህ በዳላስና በፎርት ወርዝ 42 ቀን በተከታታይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ፋረንሃይት ያልወረደበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አረጋውያን፣ በዚያ ዓመት ቴክሳስም አይቲዮፒያ ሆና ነበር ብንላቸው ሳይስማሙ አይቀሩም።

ነገር ግን ቃል እንደ ሰው ነው፤ ከጥሩ ቤት ተወልዶ በመጥፎ እጅ ሊወድቅ ይችላል። በአሜሪካ በባርነት ዘመን የሆነው ይህ ነው። በ1840ዎቹ ዓመታት ነጮች የተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን እየቀቡ፣ በጥቁሮች እየተሣለቁ በየመድረኩ ሲዘፍኑ፣ ዘፈናቸውን የኢትዮጵያ ዜማ ይሉት ነበር። ፊት የተቃጠለ የሚለው ቃል በእውነት ስድብ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

በአንጻሩ ግን ያው ቃል በተጨቆኑት እጅ የተስፋ ቃል ሆነ። በ1775 የእንግሊዙ አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ነፃነት ተስፋ ሰጥቶ ከቨርጂንያ ባሮች ያቋቋመው ጦር የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር ተብሎ ነበር። በ1808 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አቢሲንያን የሚል ስም ያዘ። በመዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆቿን ስለ መዘርጋቷ የተነገረውን ቃል የደቡብ ባሮች የራሳቸው ትንቢት አድርገው ያነቡት ነበር። በ1896 በአድዋ የተገኘው ድል ደግሞ ትንቢቱን ሥጋ አለበሰው። በ1920 የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ለዓለም ጥቁር ሕዝብ ያወጣው መዝሙር በኢትዮጵያ ስም የተጠራ ነበር። ቃሉ አልተለወጠም፤ ፊደሉም ያው ነው። የተለወጠው የተናገሩት ሰዎች ሥራ ነው።

ስለዚህ ለልጅቱ የምንመልሰው እንዲህ ነው። እኅታችን ሆይ፣ የተነገረሽ ፍቺ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ስድብም አይደለም። ስሙን ያወጡልን ሌሎች ናቸው፤ ትርጉሙን የሰጡት ግን አባቶችሽና እናቶችሽ ናቸው።

፫ኛ፤ ስሙ ወደ እኛ እንዴት ገባ?

ግሪኮች ይህን ስም ለእኛ ብቻ የሰጡት አልነበረም። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ፣ አንዳንድ ጊዜም የሕንድን ጥቁር ሕዝብ ጭምር እንዲህ ይሉት ነበር። ሦስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት «ኩሽ» የሚለውን ቃል «አይቲዮፒያ» ብለው ተረጎሙት። በአራተኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግሪክኛና በግዕዝ በድንጋይ ላይ ባስጻፈ ጊዜ፣ ግዕዙ ሐበሻት ያለውን ግሪክኛው «አይቲዮፔስ» ብሎታል። በአክሱም ግሪክኛ እንግዳ አልነበረም። በአንደኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ንጉሥ ዞስካሌስን የግሪክ ጽሕፈት ዐዋቂ ነው ይለዋል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብም ሲጀመር በግሪክ ፊደል የተቀረጸ ነበር።

የዚህን ጉዞ ምስክር ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልገንም። ስማችንን መጻፍ ይበቃል። «ኢትዮጵያ» ብለን ስንጽፍ «ጵ»ን እንጽፋለን። ከጥንት ከደቡብ ዐረብ ወገን የመጣው ፊደላችን የ«ፕ»ን ድምፅ የሚጽፍበት ምልክት አልነበረውም። አባቶቻችን የግሪክን መጻሕፍት ሲተረጉሙ ጰንና ፐን ጨመሩ፤ ጰን ከጠ ቀጥሎ አስገቧት፤ ፐን ደግሞ ከፈ በኋላ የፊደል መደምደሚያ አደረጓት። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጰራቅሊጦስ የሚጻፉት በዚህች ፊደል ነው። ኢትዮጵያም እንደዚሁ። የአገራችን ስም በመካከሉ የእንግድነቱን ማኅተም ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

የኢትዮጲስ ታሪክስ? መጽሐፈ አክሱም የካም ልጅ ኩሽ ኢትዮጲስን ወለደ፣ አገሩም በእርሱ ተጠራ ይላል። ስሙን ከወርቅ ጋር የሚያያይዙም አሉ። እነዚህን ትረካዎች አንንቅም፤ ሕዝባችን ከውጭ የመጣውን ስም የራሱ ለማድረግ የደከመበት ሥራ ነውና። ግሪኮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ታላቁ አርስጣጣሊስ ራሱ «አይቴር» የሚለውን ቃል ሲፈታ፣ ዘወትር የሚሮጥ ማለት ነው፣ ሰማይ ሁልጊዜ ይዞራልና ብሎ ነበር፤ ቃሉን ከእሳት ጋር ያያያዘውን አናክሳጎራስንም ተሳስቷል ብሎ ነቀፈው። በሥሩ ጉዳይ ግን ወደ እውነቱ የቀረበው አናክሳጎራስ ነበር። አርስጣጣሊስ ከተሳሳተ እኛም ብንሳሳት አያስነውርም፤ የሚያስነውረው ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የሙጥኝ ማለት ነው።

፬ኛ፤ የኤተር ጉዞ

እኅትየው ኢትዮጵያ በነገሥታትና በመጻሕፍት መንገድ ስትጓዝ፣ ወንድምየው ኤተር በሊቃውንት ቤት ይጓዝ ነበር። አርስጣጣሊስ ከእሳት፣ ከአየር፣ ከውኃና ከምድር ሌላ አምስተኛ ባሕርይ አለ፤ ከዋክብት የተሠሩት ከእርሱ ነው፤ አይበሰብስም፤ አይለወጥም አለ። ይህ አስተሳሰብ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ጸና።

በ1540 ቫሌሪዩስ ኮርዱስ የተባለ ጀርመናዊ አልኮልን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር አፍልቶ ጣፋጭ ሽታ ያለው ፈሳሽ ማውጣቱን መዘገበ። ፈሳሹ እጅ ላይ ቢያፈሱት ወዲያው ወደ ሰማይ በንኖ ይጠፋል። ስለዚህ በ1730 ገደማ ፍሮቤኒዩስ የተባለ ኬሚስት በዚያ በላይኛው ሰማይ ስም ጠራው፤ ኤተር ተባለ። በጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ይህን ኤተር ለበሽተኛ አሽትቶ፣ በሽተኛው ሕመሙ ሳይሰማው ዕብጠቱ ከአንገቱ ተቀደደለት። ክሮፎርድ ሎንግ የተባለ የጆርጂያ ሐኪም ከዚያ በፊት በ1842 እንዲሁ አድርጎ ነበር። ከዚህ በፊት ሰው እጅና እግሩ ተይዞ፣ እየጮኸ ነበር የሚቆረጠው። ቃሉ ከሰማይ ወርዶ የሰውን ሥቃይ ያቀለለው ያን ጊዜ ነው።

በ1834 ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ «ኤተር»ን እና በግሪክኛ እንጨት ማለት የሆነውን «ሂሌ»ን አጋጥሞ «ኤቲል» የሚል ቃል ሠራ። ከኤቲል ኤቴን፣ ኤቲሊን፣ ኤታኖል ተወለዱ። እነዚህም ከእግራችን በታች ይገኛሉ፤ በምሳሌ ሳይሆን በእውነት። ከፎርት ወርዝ ከተማ በታች ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባርኔት ሼል የሚባል ድንጋይ አለ። በ1990ዎቹ ዓመታት ጆርጅ ሚቸል የመሠረተው ኩባንያ ይህን ድንጋይ በውኃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዙን ማውጣት ቻለ፤ ዛሬ በአሜሪካ የተስፋፋው ሥራ የተጀመረው ከዚህ ነው። ጋዙ አብዛኛው ሜቴን ሲሆን ከእርሱ ጋር ኤቴን አለ። ኤቴኑ ተለይቶ በብርቱ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ሲሰነጠቅ ኤቲሊን ይሆናል። ኤቲሊኑ እንደ ሰንሰለት ሲቀጣጠል ፖሊኤቲሊን ይሆናል፤ ይህም በ1933 በእንግሊዝ አገር በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ሽንኩርት ሲቋጠርበት የኖረው ፌስታል ይኸው ነው። ስለዚህ በፌስታሉ ስም ውስጥ የአገሩ ስም እኅት ተቋጥራ ትገኛለች።

ሌላው የኤተር መንገድ የፊዚክስ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ብርሃን ሞገድ ከሆነ የሚሄድበት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ያም ዓለሙን ሁሉ የሞላ የማይታይ ኤተር ነው ብለው አመኑ። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ በክሊቭላንድ ከተማ ምድር በዚህ ኤተር ውስጥ ስትጓዝ የሚነፍሰውን ነፋስ ለመለካት ሞከሩ፤ ምንም አላገኙም። በ1905 አይንስታይን ኤተር አያስፈልግም አለ። ነገሩ ሞተ፤ ቃሉ ግን አልሞተም። በግንቦት ወር 1973 ሮበርት ሜትካፍ በካሊፎርኒያ የኮምፒዩተሮች መገናኛ መስመር ሲያቅድ፣ መልእክት ለሁሉ የሚያደርሰውን ሽቦ በዚያ በሞተው ኤተር ስም ኤተርኔት አለው። ጃክ ኪልቢ በ1958 የመጀመሪያውን የተዋሐደ የኤሌክትሪክ ዑደት ባሳየባት በዚህች በዳላስ፣ በጎረቤትዋም በሪቻርድሰን፣ ከእኛ ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚሁ መስመር ነው።

፭ኛ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በዚህ ቢያበቃ የመጀመሪያው ጥያቄ በእውነት ይፈርድብን ነበር። «እነሆ ሳይንስ ሁሉ ከእኛ ስም ነው» ብሎ መኩራራት ባዶነት ነው፤ ቃሉ የግሪክ ነው፤ ሥራውም የሠሩት ሰዎች ነው። እኛን የሚመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ትምህርት ነው።

በአገራችን ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሳይንሱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ አብዛኛው በዚህ ያለፈ ነው። ቃላቱን እንዴት እንደ ተማርናቸው ሁላችን እናስታውሳለን፤ እንደ ድግምት ሸምድደን ነው። ፔንቴን አምስት ካርቦን አለው፤ ለምን ፔንቴን እንደ ተባለ ግን የነገረን የለም። ካቶድና አኖድን እያምታታን ስንት ፈተና ወደቅን! ዐዋቂና ሰነፍ ተብለን የተለየነው፣ ብዙ ጊዜ በማሰብ ኃይል ሳይሆን ትርጉም የሌለው ድምፅ በመሸከም ኃይል ነበር።

አሁን ግን ተመልከቱ። ለብዙዎቻችን እነዚያ ቃላት እንግዶች አልነበሩም። ቁልፋቸው በቤታችን ነበረ፤ ያቀበለን ሰው ጠፋ እንጂ። «አየር» የምንለው የግሪክ «አኤር» ነው፤ ግሪኮች የታችኛውን አየር፣ የላይኛውን ኤተር ይሉት ነበርና አባቶቻችን ከመንታዎቹ አንዱን ወስደው ሌላውን ተዉት። «ጠረጴዛ» የግሪክ «ትራፔዛ» ነው፤ በጂኦሜትሪ ያስጨነቀን ትራፒዝየም ትንሿ ጠረጴዛ ማለት ነው። «መነኩሴ» ብቸኛ ማለት ነው፤ «ሞኖ» የሚጀምሩት የኬሚስትሪ ቃላት ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። «ጴንጤቆስጤ» ኀምሳኛው ቀን ነው፤ ፔንቴን ደግሞ ባለ አምስቱ ነው፤ ሁለቱም ከ«ፔንቴ»፣ ከአምስት ወጡ። «ኤጲስ ቆጶስ» ከላይ ሆኖ የሚመለከት ማለት ነው፤ ማይክሮስኮፕ ጥቃቅኑን መመልከቻ ነው። «ሲኖዶስ» አብሮ መንገድ ማለት ነው፤ ፋራዴይ በ1834 በጽሑፉ ያወጣቸው ቃላትም ከዚሁ መንገድ ናቸው፤ አኖድ የሽቅብ መንገድ፣ ካቶድ የቁልቁል መንገድ።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሀብት ብቻ አይደለም። በቁርአን ቤት ዐረብኛ የተማረ ልጅ አልጀብራ የሚለውን ቃል የአል ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ስም መሆኑን፣ የተለያየውን መግጠም ማለት እንደ ሆነ በቀላሉ ይረዳል። እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩልም «አል ኩህል» ነው። በመጀመሪያ እጅግ የላመ ዱቄት ማለት ነበረ፤ ቀጥሎ የማንኛውም ነገር ጥሩ ጥሩው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በፓራሴልሱስ አፍ ደግሞ ከወይን ጠጅ የተጣራው መንፈስ ሆነ፤ አልኮል ተባለ። እንግዲህ ኤቲል አልኮል የሚለው ስም ከግሪክ እሳትና ከዐረብ ኩል የተጋባ ነው። ካቲካላ የምታወጣ እናት ሁለቱንም ታውቃለች፤ እሳቱን ከምድጃዋ፣ ኩሉን ከዓይኗ።

የአንድ አርሶ አደር ልጅ ይህን ቢሰማ ሳይንስ የሌላ ሰው ቤት አይመስለውም። ይህ ነው በዚህ ንግግር የምንሻው ነገር። የፈረንጅ ቃል ሁሉ ይውጣ፣ በእርሱ ፋንታ ማንም የማይናገረው ግዕዝ ይተካ አንልም። አባቶቻችን ጠረጴዛን ሲቀበሉ አላፈሩም፤ እኛም ኤተርን ስንቀበል አናፍርም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ሥራ ነው፤ ግን መዝገበ ቃላት በመደርደሪያ ላይ ሆኖ አያስተምርም። ደግሞም ነገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ ተናጋሪው ልጅ በገዛ ቋንቋው ቁልፉ ሊሰጠው ይገባል። ከጥቂቶች አፍ ወደ ጥቂቶች ጆሮ የሚሄድ ዕውቀት ለሕዝብ አይደርስም።

የመጠሪያ ጉዳይ የሥልጣን ጉዳይም መሆኑን አንርሳ። ሊኔዩስ በ1753 ቡናን «አራቢካ» ብሎ መዘገበው፤ የዱሩ ቡና በእኛ ጫካ እየበቀለ። ጤፍና እንሰት ግን በራሳቸው ስም ወደ ሳይንስ መዝገብ ገብተዋል፤ አንዱ «ተፍ»፣ ሌላው «ኤንሴቴ» ተብለው። ልዩነቱ የመጣው ጸሐፊው ከየት እንደ ሰማ ነው። ዛሬ በየላቦራቶሪው የምንሠራ ወጣቶች ነገ ስም ሰጪዎች ነን። ቀድሞ የሌሎች ስም ተቀባዮች ብቻ ነበርን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ እያንዳንዳችን በምናጠናው ትምህርት ኀምሳ ቃል መርጠን፣ ሥራቸውንና ትርጉማቸውን በቀላል ቋንቋ ጽፈን ለዚህ መጽሔት እንስጥ። ከተሰበሰበ በኋላ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ወደ አገር ቤት ትምህርት ቤቶች ይላክ።

ሁለተኛ፤ በጋርላንድ፣ በአርሊንግተንና በሌላውም ስፍራ ያሉት ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሲቆጥሩ፣ ጰ ላይ ሲደርሱ አስተማሪው ቆም ብሎ የአገራቸውን ስም ጉዞ ይንገራቸው።

ሦስተኛ፤ ያላወቅነውን አናውቅም እንበል፤ ያወቅነውን ግን አንደብቅ። ስሕተትን ለክብር ሲባል መጠበቅ ክብርን አይጠብቅም።

ልጅቱ ይህን ሁሉ በሰማች ጊዜ ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው የሚያበራ ፊት ማለትም ይሆናላ» አለች። እኛ አንዲት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ገልጠን ያልደረስንበትን እርስዋ ደረሰችበት፤ በግሪክኛው ማቃጠልና ማብራት አንድ ሥር ናቸውና። ይሁን እንጂ መብራት በስም አይበራም። የሚበራ ነገር ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶውም የእኛ ድካም ነው።

ዕውቀት ለሕዝብ ይሁን!